የአባቴ ሳል

አባቴ የግቢያችንን በር ከመክፈታቸው በፊት ሁልጊዜ ይስሉ ነበር። ደረታቸው ግን ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥጥ መሃል ተቀምጠው ሲውሉ እንኳ ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው፣ ሁለቴ፣ ጠንከር አድርገው። ከዚያ ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው ኪሳቸውን እየዳበሱ ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ይገባሉ። እኔ በዚያች መሃል ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ በበለሱ ሥር፣ ሲጋራዬን ረግጬ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ እጄን በሳሙና አሽቼ እጨርሳለሁ። "መጡ አቦይ?" እላለሁ። "መጣሁ" ይላሉ። ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን ወደ ቤት እንገባለን።

ይህ ነገር ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ሲጀመር ጎረምሳ ነበርኩ። መጨረሻው ላይ ጢሜ ሸብቶ፣ አግብቼ ፈትቼ፣ ተማሪዎች "ቲቸር" ብለው የሚነሱልኝ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ነበር። ያም ሆኖ በአባቴ ፊት ሲጋራ ይዤ መታየት የማይታሰብ ነገር ነው። እኛ ከወሎ የመጣን ሰዎች ነን፤ ጎረቤቶቻችን የመቀሌው የሓድነት ሰፈር ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ በብዙ ነገር እንለያያለን፣ በዚህች ግን አንድ ነን። በታላቅ ፊት አይጨስም። ታላቅየውም ቢያውቅ እንዳላወቀ ይሆናል፣ ታናሽየውም መታወቁን እያወቀ ይደበቃል። ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህን ውሸት ሊለው ይችላል። እኛ ግን መከባበር ነው የምንለው።

አባቴ ፍራሽ ሰሪ ናቸው። ወጣት ሳሉ ጥጥ ይዘው መቀሌ መጡና እዚሁ ቀሩ። የስፖንጅ ፍራሽ ገበያውን ከወረሰው በኋላም ሱቃቸውን አልዘጉም። የጥጥ ፍራሽ የለመደ ወገብ ሌላ አይወድም እያሉ፣ ለሁለትና ለሦስት ሽማግሌ ደንበኛ ብለው ጥጥ ሲነድፉ ይውሉ ነበር። በሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ ነበረ፦ እሳት አይገባም። ሻማ እንኳ አይበራም። መብራት ከጠፋ ሱቁ ይዘጋል። እኔ ይህ ሕግ የጥንቃቄ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ዘመን ብዙ ነገር አይሰማኝም ነበር። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ እንዲያው ነገሩ እንደዛ ስለነበረ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ገመዱን ያሰረው ሰው አስተሳሰሩ ልክ እንዳልሆነ ሳስብ ዋልኩ። ባለቤቴ "ካንተ ጋር ከመኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ይሻላል" ብላ ስትሄድ ሻንጣዋን እስከ ባጃጁ ተሸከምኩላት። ባጃጁ ሲሄድ ክፍት የነበረውን የሻንጣውን ዚፕ ሳልዘጋው መቅረቴ ነበር የቆጨኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ግቢ ተመለስኩ። ሲጋራ ግን ይሰማኝ ነበር። ሲጋራ ሲያምረኝ ቢያንስ የሆነ ነገር እያማረኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ የቀኝ እግሬ ጣቶች የደነዘዙ ጊዜ አልገረመኝም። የቀረው ሰውነቴ ወዳለበት የመጡ መሰለኝ። በኋላ ትንሿ ጣቴ ጠቆረች፤ አጠገቧ ያለችውም ተከተለቻት። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ሁለቱንም ቆርጦ አወጣቸውና፣ ቁስሉ ሲደርቅ አስቀምጦ አናገረኝ። የእግሬ የደም ሥሮች እየተዘጉ ነው፤ የሚዘጋቸው ትምባሆው ነው፤ ለዚህ በሽታ ሲጋራ ከማቆም ሌላ መድኃኒት የለም። "መቀነስ አይደለም፣ ማቆም ነው" አለኝ። ካላቆምኩስ ብዬ ጠየቅሁት። የእጁን ጠርዝ ከጉልበቴ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠና "እዚህ ጋ" አለኝ።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ ሲጋራ የሚለውን ቃል በተናገረ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ያዩ ነበር።

ለማቆም ያልሞከርኩት የለም። ቆሎ ቆረጠምኩ፤ ማስቲካ አላመጥኩ፤ ጠመኔ እንኳ በጣቶቼ መሃል እየያዝኩ ራሴን አታለልኩ። ረመዳን ላይ ቀኑን ሙሉ አልነካም፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን ከቴምሩ በፊት ሐሳቤ የሚሄደው ወደ በለሱ ሥር ነው። እግሬን ሊቆርጡት እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ወደ ታች አይወርድም።

ወሬውን ያመጡት አባቴ ናቸው። አንድ ደንበኛቸው ነግሯቸው ነው። ሓወልቲ አካባቢ፣ ከካፌዎቹ በላይ ፎቅ ላይ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የመቀሌ ልጅ ክሊኒክ ከፍቷል፤ ራስ ላይ የሚደረግ የማግኔት ማሽን አምጥቷል፤ ሱስም ያስጥላል ይባላል። አባቴ ሲነግሩኝ "ሱስ" አሉ እንጂ የምን ሱስ እንደሆነ አልጠሩም። "ለእግርህ ይጠቅም ይሆናል" አሉኝ። እግሬ ሌላ ቦታ፣ ራሴ ሌላ ቦታ፤ ግን ተግባባን።

ብቻዬን እሄዳለሁ ማለት አልቻልኩም። በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ቤት ከታየ ሰው የለውም ይባላል። አባቴ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በሚኒባሱ ከጎኔ ተቀመጡ። አስታማሚ ሆነው ነው የሄዱት፤ አስታማሚ ደግሞ ከበሽተኛው አይለይም።

ክሊኒኩ መግቢያ ላይ ነርሷ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ "ራስዎ ውስጥ ብረት አለ?" ማግኔት ስለሆነ፣ ብረት ያለበት ራስ ወደ ማሽኑ መቅረብ የለበትም። ሌላ አገር ይህ ጥያቄ ያስቅ ይሆናል። መቀሌ ውስጥ ግን ሰው እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ይዳብሳል። ከፊታችን የነበረው ጎልማሳ ረጋ ብሎ "ሁለት አሉኝ፤ አንዷ ግን ትንሽ ናት" አላት። የቀድሞ ተዋጊ ነበር። ነርሷ ይቅርታ ጠይቃ መለሰችው። እሱም የመታወቂያ ፎቶ ረስቶ እንደመጣ ሰው "ጽቡቕ፣ እሺ" ብሎ ሄደ።

የእኛ ተራ ሲደርስ አባቴ ቀድመው መለሱ። "እሱ የለውም። እኔ ነኝ ያለኝ።" ጣታቸውን ከቀኝ ጆሮአቸው በላይ አደረጉ። በድሮው ጦርነት ዘመን ጥጥ ጭነው ሲመጡ መንገድ ላይ የገባች ፍንጣሪ ናት። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካኋት "ትወጣለች?" እላቸው ነበር። "ምን ቸገራት፣ ቤቷ ነው" ይሉኝ ነበር። ነርሷ ለሐኪሙ ነገረችው፤ ሐኪሙም የአባቴን ወንበር ራሱ ተሸክሞ ከማሽኑ ርቆ መስኮቱ ጋ አስቀመጠላቸው። "አቦይ፣ እዚህ ሆነው ያዩታል፤ ማሽኑ ሲሠራ ግን አይጠጉ" አላቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ። ሲረጋጋ አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲጨነቅ ትግርኛው ይቀላቀልበታል። ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳኝ። መርፌ የለም፣ ቀዶ ጥገና የለም። ማግኔቱ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ውስጥ ያለውን የአንጎል ክፍል ይቀሰቅሳል፤ ሲጋራ አምጣ አምጣ የሚለውን ስፍራ ደጋግሞ ሲነካው ጩኸቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በየቀኑ መምጣት አለብኝ፣ ለሳምንታት። "ለሁሉም ሰው አይሠራም። ሰርቶላቸው በኋላ የተመለሱም አሉ። ቃል አልገባልህም" አለኝ። ቃል አለመግባቱን ወደድኩለት።

የፀጉር ቤት የሚመስል ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ጆሮዬን በስፖንጅ ደፈነልኝ። ማግኔቱ ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን የተጋጠሙበት፣ እጀታ ያለው ነገር ነው። መጀመሪያ ኃይሉን ለመለካት ራሴ ላይ እዚህም እዚያም እያደረገ አንድ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። አንዱ ላይ አውራ ጣቴ ሳላዛት ዘለለች። ጭኔ ላይ ተጋድማ የነበረች የገዛ ጣቴ ናት፤ እኔን ሳትጠይቅ ተነስታ ወደቀች። አባቴ ከመስኮቱ "ቢስሚላህ" አሉ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ እንደዚያች ጣት በሙሉ ልቡ የተነሳ ነገር በሰውነቴ ላይ አላየሁም ነበርና በዓይኔ ተከተልኳት።

ከዚያ አስቸጋሪው መጣ። ሐኪሙ መሳቢያ ከፍቶ አንድ ሲጋራና ላይተር አወጣ። ማግኔቱ የሚጠቅመው ያ ስፍራ ነቅቶ ሲያገኘው ነው፤ ተኝቶ ሳለ ቢመቱት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየቀኑ በመጀመሪያ እንዲያምረኝ ይደረጋል። "ያዘው። አሽተው። ወደ አፍህ አስጠጋው። ላይተሩን አብራና እሳቱን እየው። አታጭስ ብቻ።" ሲጋራውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መንገዱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። የዞሩት ለእኔ ብለው ነው፤ መዞራቸውን ደግሞ እኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሲጋራው ሲጋራ መሆኑ ቀረ። የሌላ ሰው ዕቃ ያስያዙኝ ያህል ዘርግቼ ያዝኩት።

"አማረህ?" አለኝ ሐኪሙ።

"አላማረኝም።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም።"

ውሸት አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። በአባቴ ፊት ሲጋራ አምሮኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላቸውን ስሰማ ሲጋራው ከእጄ ብቻ ሳይሆን ከሐሳቤም ይወድቅ ነበር። ፍላጎቴም እንደኔው አስተዳደግ አለው መሰለኝ፣ ሽማግሌ ሲያይ ብድግ ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ያም ሆኖ ማግኔቱን ግንባሬ ላይ አድርጎ ጀመረ። ሲቆላ የሚፈነዳ ሽንብራ ይመስላል ድምፁ፤ ቅንድቤን እየጎተተ ያንኳኳል። አያምም።

ከክሊኒኩ ስንወጣ አባቴን በሚኒባስ ሸኝቼ፣ የተማሪዎች ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። ካፌዎቹ ጀርባ ገብቼ ሁለት አከታትዬ አጨስኩ። ማታ ቤት ስደርስ አባቴ ውሃ አሙቀው፣ ጨው ጨምረው እየጠበቁኝ ነበር። ቁስሌን የሚያጥቡልኝ እሳቸው ናቸው። እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳር ዳሩን ይነኩና "ይሰማሃል?" ይሉኛል። "ይሰማኛል" እላለሁ። አይሰማኝም ነበር።

እንዲህ እያልን ቀናት አለፉ። በየቀኑ ሲጋራው መዳፌ ላይ ይቀመጣል፣ አባቴ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፣ እኔ አላማረኝም እላለሁ፣ ሽንብራው ይፈነዳል። ሐኪሙ ነገሩ የገባው ቶሎ ነው፤ የእኛው ልጅ አይደለም እንዴ። ግን እሱስ ምን ይበል? አንድን ሽማግሌ ተነስተው ይውጡልኝ ሊል ነው? እኔም "አቦይ፣ ውጭ ይጠብቁኝ" ካልኩ፣ ለምን ሲሉኝ ምን ልመልስ ነው? አባቴ ደግሞ ልጃቸውን ከማያውቁት ማሽን ጋር ጥለው አይወጡም። ሦስት ጨዋ ሰዎች ሆነን እግሬን ወደ መጋዝ እየሸኘነው ነበር።

አንድ ምሽት አባቴ እግሬን ሲያጥቡ እጃቸው ቆመ። ሦስተኛዋ ጣት ጥፍሯ ሥር ጠቁራ ነበር። ፎጣውን ወስደው ከወትሮው ቀስ ብለው አደረቁልኝ። ጨው ያለበትን ውሃ ሊደፉ ሲወጡ ውጭ ብዙ ቆዩ።

በማግስቱ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እኔ ጫማዬን ሳስር አባቴና ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

"አቦይ፣ ይቕረታ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። እንዴት እንደምለው ግን..." አለ ሐኪሙ።

"በል ልጄ።"

"ልጅዎ እዚህ ካላማረው ማሽኑ ምንም ማድረግ አይችልም። እርስዎ ባሉበት ደግሞ... አያምረውም። ሓቂ ይሓይሽ፣ እውነቱ ይሻላል ብዬ ነው።"

"እግሩስ?" አሉ አባቴ።

"እግሩ ጊዜ የለውም።"

"እሺ" አሉ አባቴ።

የሰማሁ አልመሰልኩም። ከነገ ጀምሮ ውጭ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ እፎይታ ነገር መጣብኝና እሱም አለፈ። ሚኒባሱ ገበያው ጋ ሲደርስ "ትንሽ ጉዳይ አለኝ" ብለው ወረዱ።

በማግስቱ ግን ውጭ አልተቀመጡም። እንደ ሁልጊዜው ተከትለውኝ ገቡ፣ መስኮቱ ጋ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አልገባቸውም ማለት ነው አልን በዓይናችን። ሐኪሙ መሳቢያውን ሊከፍት ሲል አባቴ "ቆይ" ብለው ተነሱ።

ከኮታቸው ኪስ ያልተከፈተ ፓኬት አወጡ። ላስቲኩን ላጡት፣ ወረቀቷን ቀደዱ፣ አንድ ሲጋራ መዘው ጫፏን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ መታ መታ አደረጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የላይተሩን ድምፅ ስሰማ ግን ቀና አልኩ። አባቴ ሲጋራውን በከንፈራቸው ይዘው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ነፋስ እንዳያጠፋባቸው እሳቱን በሁለት መዳፋቸው ከልለው ይለኩሱ ነበር። ሳቡት። ጉንጫቸው ጎደጎደ። ጭሱን ትንሽ አቆዩትና በአፍንጫቸው አወጡት። ጀማሪ ሰው በአፍንጫው አያወጣም።

መጥተው ፊቴ ቆሙ። ዓይኔን አላዩኝም፤ ትከሻዬን ነው ያዩት። "እንካ ልጄ" አሉኝ፤ "አብሽር።"

ጭሱ ደረሰኝ። ተቀበልኳቸው። አፌ ውሃ ሞላ፤ ያ ሲጋራ በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ አማረኝ። አፈርኩም። አባቴን ወደድኳቸውም። ሦስቱም አንድ ላይ ነው የመጡት፤ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር አመመኝ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ግን ሕመም መሆኑን አወቅሁት፣ የማንም ሳይሆን የእኔ መሆኑንም።

"አማረህ?" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

"አማረኝ" አልኩ። አባቴ ቆመው እየሰሙ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ ጊዜ አላጠፋም። አባቴ ሲጋራውን ከእጄ መልሰው ወስደው ወደ መስኮቱ ራቁ፤ ማግኔቱ ግንባሬ ላይ ሆነ፤ ሽንብራው ይፈነዳ ጀመር። በዓይኔ ጥግ አባቴን አያቸዋለሁ። መስኮቱን ከፍተው የሚተረኩሱበት ፈልገው አጡ። አባቴ ክር እንኳ የማይጥሉ ሰው ናቸው። ትንሽ ቆመው አዩት፤ ከዚያ አንዴ ሳቡትና በጫማቸው ሥር አጠፉት።

ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ እኔን ሳያዩ ተናገሩ። "ወጣት ሳለሁ አጨስ ነበር። ሱቅ ውስጥ በሲጋራዬ እሳት ተነሳ። ጥጡ በሙሉ አለቀ፤ ሰው ግን ተረፈ። የዚያን ቀን ተውኩት።" ሚኒባሱ ሰው አውርዶ ሰው ጫነ። ሓድነት ልንደርስ ስንል "ጣዕሙ አልተለወጠም" አሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አባቴ ይለኩሳሉ፣ አንዴ ይስባሉ፣ ያቀብሉኛል፤ እኔ አማረኝ እላለሁ፤ እሳቸው መልሰው ወስደው መስኮቱ ጋ ይሄዳሉ። ለእኔ ፈተናው እየቀለለ ሄደ። መጀመሪያ ካፌዎቹ ጀርባ መሄድ ተውኩ፤ ኋላ በበለሱ ሥር የነበረው ቦታዬ ሣር በቀለበት። አንድ ቀን አባቴ ያቀበሉኝን ሲጋራ ይዤ ጠመኔ የያዝኩ ያህል ተሰማኝ። "አማረህ?" ሲለኝ ትንሽ አስቤ "አላማረኝም" አልኩ፤ የዚያን ቀን የእውነት ነበር። ሐኪሙ ፈገግ አለ። "ማሽኑ ይሁን አባትህ፣ እኔ አላውቅም" አለኝ።

የጣቴ ጥቁረት ጥፍሯ ላይ ቆመ። ቁስሌም ገጠመ። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሐኪም እግሬን አገላብጦ አይቶ፣ ያን ጊዜ የእጁን ጠርዝ ያሳረፈበትን ቦታ መታ መታ አደረገልኝና "ይቀመጥልህ" አለኝ። ከምርኩዝ ጋር ቢሆንም ክፍል ገብቼ ቆሜ ማስተማር ጀመርኩ። አባቴም ውሃ ማሞቁን ተዉ።

ነገሩን ያወቅሁት ከሽታው ነው። ሲጋራ የተወ ሰው አፍንጫው ይከፈታል። በመጀመሪያ ኮታቸው ላይ አሸተትኩት፤ ከክሊኒኩ የቀረ ነው አልኩ። የክሊኒኩ ሕክምና ካለቀ ከቆየ በኋላም ግን ሽታው አልለቀቀም። ከረሜላ መምጠጥ ጀመሩ፤ በዕድሜያቸው ከረሜላ የማይወዱ ሰው። የመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። በበለሱ ሥር ያለው ሣር እንደገና ተረገጠ። ምልክቶቹ ሁሉ የእኔው ነበሩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ አነበብኳቸው።

የማግኔቱ ሐኪም ጋ ብቻዬን ሄድኩ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር ያለ አስታማሚ። ነገርኩት። "ያቺ ብረት ባትኖር ኖሮ ዛሬውኑ አስቀምጣቸው ነበር" አለኝ። ፍንጣሪዋ ከማግኔቱ ሥር ልትቀመጥ አትችልም። ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ክኒንም ምክርም እንዳለ፣ ብቻ ይዣቸው እንድመጣ ነገረኝ።

"ማን ይንገራቸው?" አልኩት።

"አንተ ነሃ።"

እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ። እሳቸው ለእኔ እግር ብለው የዕድሜያቸውን ክብር አውጥተው በሰው ፊት ለኩሰዋል። እኔ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች የምትጠበቅብኝ፦ አይቼዎታለሁ። በሚኒባሱ ሁሉ እየደጋገምኩ አጠናኋት። ዓረፍተ ነገር ማስተማር እንጀራዬ ነው፤ ይቺን ግን ቤት ስደርስ ዋጥኳት። ሳምንታት አለፉ፤ አሁንም እያጠናኋት ነው።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ቀድሜ ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ከበለሱ በላይ፣ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁ። አልሰሙኝም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቁልፉን አወጣሁ። ከዚያ አባቴን ዘንበል ብለው፣ እሳቱን በሁለት መዳፋቸው ከልለው፣ የእኔን መምጣት ጆሮ ጥለው ሲጠብቁ በሐሳቤ አየኋቸው። አሳዘኑኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ሲሰማኝ ምን እንደሚደረግ ገና አልለመድኩም ነበር።

ምርኩዜን አጥሩ ላይ አስደገፍኩና ሁለቴ ሳልኩ፣ ጠንከር አድርጌ።

ከበለሱ ሥር ጫማ መሬት ሲፈትግ ሰማሁ። ውሃ ተቀዳ። ሳሙና ማስቀመጫው ተንኳኳ። ቁልፉ በእጄ እያለ ኪሴን እየዳበስኩ ቆየሁ፤ አፋቸውን ተጉመጥምጠው እስኪተፉ ጠበቅሁ። ከዚያ ከፍቼ ገባሁ።

"መጣህ?" አሉኝ፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ።

"መጣሁ አቦይ።"

ትንሽ አዩኝ። "ሳል ያዘህ እንዴ?" አሉ።

"አቧራው ነው" አልኳቸው።